ብድሩ ከነካርታው

አባቴ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ክላሰር አለው። ከላይ የመታወቂያ ኮፒዎች፣ ከዚያ የልጆቹ የክትባት ካርዶች፣ ከሁሉም ሥር የማሽካንታው ወረቀት። እኔ ልጅ ሳለሁ ክላሰሩ የሚወጣው ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ ነበር። ደብዳቤውን የምታነበው ታላቅ እህቴ ናት። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሆና «ሪቢት» እና «ሃጽማዳ» የሚሉትን ቃላት ወደ አማርኛ ለመመለስ ትታገላለች። እሷም አልገባትም፣ አባቴም አልገባውም፤ ሁለቱም ግን «እሺ፣ እሺ» ይባባላሉ። ይህን ሳነሳ ብዙዎቻችሁ የራሳችሁን ቤት እንደምታስታውሱ አውቃለሁ።

ባለፈው ክረምት ያቺው እህቴ ከባሏ ጋር ቤት ልትገዛ ተነሳች። ሁለቱም ተምረዋል፣ ሁለቱም ጥሩ ሥራ አላቸው። ባንክ ሄዱ። የባንኩ ሠራተኛ ደመወዛቸውን ጠይቃ ከጻፈች በኋላ «ከወላጅ ስንት ይመጣል?» አለቻቸው። ይመጣል ወይ አላለችም፤ ስንት ነው ያለችው። እህቴ ማታ ቤት መጥታ ይህን ስታወራልን አባቴ ክላሰሩን አወጣ። «ይኸው፣ ቤቱ አለ። ተከፍሎ አልቋል» አለ። እህቴ የሰፈራችንን የቤት ዋጋ አይታ ስለነበር፣ ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ቀስ ብላ ነገረችው። አባቴ ትንሽ ቆይቶ «መንግሥት ያን ያህል ገንዘብ ሰጥቶን፣ እኛም ሠርተን ከፍለን፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው የጎደለው?» አለ።

ጥያቄው ከዚያ ምሽት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ይህ ጽሑፍ ለእሱ መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው።

ውለታና ውል

በአማርኛ «ብድር» ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተበድረህ የምትመልሰው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ውለታ ነው። «ብድሩን መለሰ» ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘብ አናወራም፤ «ብድር በምድር» የሚለውም አባባል ስለ ባንክ የተነገረ አይደለም። ወላጆቻችን ከመንግሥት የተሰጣቸውን ማሽካንታ የተቀበሉት በዚህ በሁለተኛው ትርጉም ይመስለኛል። ከልጆቹ ጋር ካራቫን ውስጥ ዓመታት የቆየ ሰው የቤት ቁልፍ ሲሰጡት ስለ ወለድ አይጠይቅም። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ይላል።

ከዚህ የተነሣ እኛ ልጆቻቸው ስለዚያ እቅድ ጥያቄ ስናነሳ ቤት ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። ጥያቄው እንደ ትችት አይሰማም፤ እንደ ምስጋና ቢስነት ይሰማል። በሌላ በኩል ደግሞ በዕብራይስጥ ሚዲያ ውስጥ «ያን ያህል ገንዘብ ፈስሶላቸው አሁንም ያማርራሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዱ ነገሩን እንደ ውለታ ያየዋል፣ ሌላው እንደ ወጪ ያየዋል። ሁለቱም ግን ወረቀቱን አይከፍቱም።

እኔ የምለው፣ ወረቀቱን እንደ ውል እናንብበው ነው። ውል ሲነበብ ጥያቄው «ስንት ሰጡን?» ብቻ አይሆንም። «በምን ሁኔታ? የት ለመግዛት? ሲያልቅ ምን በእጃችን ሊቀር?» የሚሉት ይከተላሉ። እያመሰገኑም ማንበብ ይቻላል።

እቅዱ ምን ነበር?

በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ጊዜ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ ገቢዎች እየመጡ ስለነበር አገሪቱ ባዶ ቤት አልነበራትም። የእኛ ሰዎች መጀመሪያ ሆቴሎችና መርከዝ ቅሊጣዎች፣ ቀጥሎም የካራቫን ሰፈሮች ውስጥ ገቡ። በአኮ አጠገብ ያለውን ሐጽሮት ያሳፍን፣ በኢየሩሳሌም ጊቭአት ሃማቶስን ወላጆቻችን እስከ ዛሬ በስም ያነሷቸዋል። በበጋ እንደ ምጣድ ይግላሉ፣ በክረምት ዝናቡ ጣራው ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው አይደማመጥም። ከከተማው ራቅ ያሉ ስለነበሩ ሥራም ትምህርት ቤትም ሩቅ ነበር።

በ1993፣ ያኢር ጻባን የቅሊጣ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ መንግሥት ለኢትዮጵያ አዲስ ገቢዎች ልዩ የማሽካንታ እቅድ አወጣ። እቅዱ በጊዜው ለሌሎች አዲስ ገቢዎች ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ነበር። የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል ማዓናክ፣ ማለትም ስጦታ ነው፤ ቤተሰቡ በየወሩ የሚከፍለው የቀረውን ክፍል ብቻ ነው። በአሥርተ ዓመቱ ውስጥም የካራቫን ሰፈሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

ይህን ሳያነሱ መተቸት ተገቢ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ የመጡት ብዙዎቹ የገቡት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች፣ በተለይ በልማት ከተሞች ነበር። ተከራይ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር የለውም። የ1993ቱ እቅድ ግን ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስሙ ታቡ የተጻፈለት የቤት ባለቤት አደረገው። የአባቴ ኩራት ከዚህ ይመነጫል፤ ኩራቱም ልክ ነው።

ካርታው

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ገንዘቡ በማንኛውም ቦታ ቤት የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረም። የት መግዛት እንደሚቻል የሚወስን ዝርዝር ነበረው፤ የገንዘቡም ጣሪያ የታወቀ ነበር። የእቅዱ አሳብ ሰዎቹ በአንድ ቦታ እንዳይከማቹ፣ ሥራና ጥሩ ትምህርት ቤት ባለባቸው በመሃል አገር ከተሞች ተበትነው እንዲኖሩ ነበር። በወረቀት ላይ ጥሩ አሳብ ነው።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በሶቭየት ኅብረት አሊያ ምክንያት በእነዚያው ዓመታት የቤት ዋጋ በጣም ወጣ። ጣሪያ ያለው ገንዘብ ይዘህ ዋጋው እየወጣ ያለ ከተማ ውስጥ ስትገባ የሚተርፍልህ የከተማው ርካሽ ክፍል ነው፤ በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩ፣ ሊፍት የሌላቸው፣ ቀድሞ የነበሩት ነዋሪዎች ሊለቋቸው የሚጣደፉባቸው ሕንፃዎች። ሻጩ ለመውጣት ቸኩሏል፣ ደላላው ገዢ ከነገንዘቡ አግኝቷል፣ ባለሥልጣኑ ካራቫኑን መዝጋት ይፈልጋል። ሦስቱም በአንድ ቤት ላይ ተገናኙ። ገዢው ደግሞ ውሉን የማያነብ ሰው ነው።

ስለዚህ ከተማው መሃል አገር ነው፣ ሽኹናው ግን ዳር ነው። ረሖቮት ውስጥ ቂርያት ሞሼን አስቡ። ከሽኹናው ትንሽ ርቆ ዓለም የሚያውቀው የዋይዝማን ኢንስቲትዩት አለ፤ በካርታ ላይ ጎረቤት ናቸው። በናታኒያ፣ በሐዴራ፣ በአሽዶድ፣ በገዴራ፣ በአፉላ፣ በቂርያት ማልኣኺ ተመሳሳይ ሽኹናዎችን የማያውቅ ከመካከላችን ማን አለ? እንዳይከማቹ ተብሎ የወጣ እቅድ ራሱ አከማቻቸው። ይህ በክፋት የሆነ አይመስለኝም። የእቅዱ ስኬት የተለካው በተሰጠው ቁልፍ ብዛት ነው። ቁልፍ ሲቆጠር በሩ ወደ የት እንደሚከፈት አይቆጠርም።

«አንድ ላይ መሆን ወደዱ»

ስለዚህ ጉዳይ ሴሚናር ላይ ስናገር አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ግን እናንተ ራሳችሁ አብራችሁ መኖር መርጣችኋል» አለኝ። ይህ መልስ በየቦታው ስለሚሰማ በቁም ነገር ልይዘው እወዳለሁ፤ ግማሹ እውነት ነውና።

አዎ፣ እናቴ እህቷ ያለችበትን ሕንፃ ፈልጋለች። አያቴ ቄሱ በእግር የሚደርስበት ቦታ መኖር ፈልጋለች። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን የሚተክል፣ ቡና ሲፈላ የሚጠራ፣ ልጅ የሚጠብቅ ዘመድ ያስፈልጋል። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ጎረቤት ማለት ቢሮም፣ አስተርጓሚም፣ ኢንሹራንስም ነው። ይህን ማንም እንደ ጥፋት ሊቆጥርብን አይገባም። ሀብታምም ከዘመዱ አጠገብ መኖር ይወዳል፤ የሀብታም ሲሆን ግን «ክምችት» አይባልም።

ግማሹ ደግሞ እውነት አይደለም። ምርጫ ማለት ከምን ከምን መረጥክ ነው። እናቴ ከእህቷ አጠገብ ስትመርጥ፣ ሁለቱም እህቶች ሊገዙ የሚችሉት በዚያው ዋጋ በሚገኝ ሽኹና ውስጥ ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ የተሻለ ሰፈር እንዲገዙ የሚያደርግ አማራጭ ቀርቦላቸው እምቢ ያሉ አይደሉም።

ሌላም አለ። ገንዘብና ፈቃድ ኖሮም በር የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በጃንዋሪ 2012 በቂርያት ማልኣኺ የአንዳንድ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲወጣ፣ ሺዎች አደባባይ ወጡ። ብዙዎቻችን ያኔ ልጆች ነበርን። ያ ሰልፍ «አብረው መኖር ወደዱ» ለሚለው ክርክር ትልቁ መልስ ይመስለኛል።

ከአድራሻ ወደ ትምህርት ቤት

እስካሁን ስለ ቤት አወራሁ። ግን ማሽካንታው የትምህርት ፖሊሲም ነበር፤ ማንም በዚያ ስም ባይጠራውም። በእስራኤል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምዝገባ በአብዛኛው በመኖሪያ አካባቢ ነው። አድራሻህ ሽኹናው ከሆነ ጋንህም ትምህርት ቤትህም ሽኹናው ነው። ስለዚህ አንድ ወላጅ በ1995 ውል ላይ ሲፈርም፣ ገና ያልተወለደ ልጁን የመጀመሪያ ክፍል አብሮ እየፈረመ ነበር። ይህን ማንም አልነገረውም።

ትምህርት ላይ የተወሰነልን ነገር በዚያ አልተጀመረም። በ1980ዎቹ የመጡት ልጆች ወደ መንግሥታዊ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ተመደቡ፤ ብዙ ታዳጊዎችም ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። እነዚያ ውሳኔዎች በግልጽ የተወሰኑ ስለነበሩ ቢያንስ በግልጽ መተቸት ተቻለ። በአድራሻ በኩል የመጣው ግን ድምፅ የለውም። ማንም ልጁን የትም አልላከም፤ ቤቱ ብቻ ነው እዚያ ያለው።

በኋላ መንግሥት ችግሩን ለማቃለል ሌላ ገንዘብ አወጣ፦ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ማጠናከሪያ፣ የሰፈር ማዕከላት፣ ልዩ ፕሮጀክቶች፣ በ2008 የወጣው የአምስት ዓመት እቅድ፣ ከ2014 ጀምሮ «ዴሬኽ ሐዳሻ» የተባለው ሌላው እቅድ። ከእነዚህ ውስጥ የጠቀሙኝ አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ አንድ ብድር ልጆቹን ደካማ ትምህርት ቤት ያለበት ቦታ አስቀመጠ፤ ቀጥሎ ሌላ በጀት እዚያ በመቀመጣቸው የመጣውን ጉድለት ለመሙላት ወጣ። በሁለቱም ጊዜ ሒሳቡ በእኛ ስም ተመዘገበ፤ «ለኢትዮጵያውያን የወጣ ገንዘብ» ተባለ።

ሃያ አምስት ከመቶ

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ እንመለስ። ምኑ ላይ ነው የጎደለው?

የእስራኤል ባንክ በ2012 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ እስከ 75 ከመቶ ብቻ በማሽካንታ መውሰድ ይችላል። የቀረው 25 ከመቶ «ሆን ዓጽሚ» ነው፤ ከራስ ኪስ የሚወጣ መነሻ። መመሪያው ባንኮችንና ተበዳሪዎችን ከአደጋ ለመጠበቅ የወጣ ነው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። በኢትዮጵያውያን ላይ ያነጣጠረ ነገርም የለውም። ግን ሒሳቡን እንሥራ።

ቤቱ 1.6 ሚሊዮን ሼቄል ያወጣል እንበል። ባንኩ ቢበዛ 1.2 ሚሊዮን ያበድራል። 400 ሺህ ከገዢው ይጠበቃል። ባልና ሚስት ኪራይ እየከፈሉ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ በወር 4 ሺህ ሼቄል መቆጠብ ቢችሉ 100 ወር ይፈጅባቸዋል፤ ስምንት ዓመት ከአራት ወር። እስከዚያ ዋጋው ቆሞ አይጠብቃቸውም። ከ2008 ወዲህ የቤት ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ስለዚህ በተግባር ያ 400 ሺህ ከወላጅ ነው የሚመጣው። የባንኩ ሠራተኛ «ስንት ይመጣል?» ያለችው ለዚህ ነው፤ እሷ የአገሩን ልማድ ነው የተናገረችው።

ከወላጅ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ከወላጅ ቤት ነው። ቤታቸውን አስይዘው ይበደራሉ፣ ወይም ሸጠው ወደ ትንሽ ቤት ይገባሉ። እዚህ ላይ ካርታው ተመልሶ ይመጣል። በ1995 ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ከተማ ቤት ገዙ፤ አንዱ በተፈለገው ሰፈር፣ አንዱ ሰው በሚሸሸው ሰፈር። ሁለቱም በየወሩ ከፈሉ፣ ሁለቱም ጨረሱ። ዛሬ የአንዱ ቤት ልጆቹን ሁለት ቤት ያስገዛል። የሌላው ቤት ለጡረታው እንኳ የሚተማመንበት አይደለም። ልዩነቱ በሥራ ትጋት ወይም በቁጠባ አይደለም፤ በመንገድ ስም ነው።

የጎደለው ይኸ ነው። ለወላጆቻችን የተሰጠው ገንዘብ ትንሽ አልነበረም። ግን ገንዘቡ የገባበት ቦታ ከሌላው ቦታ እኩል አላደገም። ብድሩ ተከፍሎ አለቀ፣ ካርታው ግን ወደ እኛ ተላለፈ። በ2015 የተጀመረው የእጣ ቤትም ይህን አይፈታውም። እጣ የደረሳቸው ጓደኞች አሉኝ፣ ደስ ብሎኛል። ግን እጣ እጣ ነው፤ ያልወጣለት ሰው እዚያው ነው ያለው።

እቁቡ የማይታይበት መዝገብ

እናቴ እቁብ መጣል የጀመረችው እስራኤል በገባች በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። የአረጋውያን ተንከባካቢ ሆና በሠራችበት ዘመን ሁሉ አንድም ወር አላስተጓጎለችም። የወንድሜን ባር ሚጽቫ፣ የቤቱን ፍሪጅ፣ የእኔን የመጀመሪያ ላፕቶፕ ያስገኘው እቁቡ ነው። ሀጋር ሳላሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ በእስራኤል ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እቁብ በ2009 ጥናት አሳትመዋል። ስለ እናቶቻችን የሰማነው ሌላው ጥናት ሁሉ ስለሚጎድላቸው ነገር ነው። ስለሚያውቁት ነገር የተጻፈ ጥናት ሲገኝ ልብ ይሞላል።

በ2019 በእስራኤል ባንክ ሥር የክሬዲት መረጃ መዝገብ ሥራ ጀመረ፤ ሕጉ የወጣው በ2016 ነው። ባንክ ሊያበድርህ ሲያስብ እዚያ ያለውን ታሪክህን ያያል፦ የተመለሰ ቼክ፣ የዘገየ ክፍያ፣ በሰዓቱ የተከፈለ ብድር። ሕጉ አሳቡ ጥሩ ነው፤ ክሬዲት የማግኘት ዕድልን ማስፋት ከዓላማዎቹ አንዱ ነው። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ ሳታጓድል የጣለችው የእናቴ ገንዘብ እዚያ የለም። ለመንግሥት መዝገብ እናቴ ተበድራ የማታውቅ፣ ስለዚህም የማትታወቅ ሰው ናት። ለእቁብ ጓደኞቿ ግን ከማንም በላይ የታመነች ናት።

ሁሉም እቁብ ወደ መዝገብ ይግባ እያልኩ አይደለም። እቁብ የሚሠራው በመተማመን ነው፤ መንግሥት ሲገባበት መተማመኑ ሊሄድ ይችላል። እኔ የምለው፣ «የፋይናንስ ትምህርት» የሚል ኮርስ ይዘው ወደ ሰፈራችን የሚመጡ ሰዎች ከባዶ የሚጀምሩ አይምሰላቸው ነው። እናቶቻችን ቁጠባ ያውቃሉ። የማያውቁት የባንኩን ቋንቋ ነው፤ ባንኩም የእነሱን አያውቅም።

ለእኛ የሚቀርቡልን

ለእኛ ለልጆቹ የሚቀርበው ገንዘብ መልኩ ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ፣ በአሜሪካ እንደምንሰማው ሙሉ ዕድሜ የሚከፈል የተማሪ ዕዳ እዚህ ብዙ የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሚልጋዎቹ ግን ዋጋ አላቸው፤ ዋጋቸው ሰዓት ነው። ከ1974 ጀምሮ ያለውን ፔራኽን ውሰዱ። እኔም በፔራኽ አንድ ልጅ አስጠንቻለሁ፣ ከልጁ ጋር እስከ ዛሬ እንደዋወላለን። ግን በዚያው ሰሚስተር ማታ ማታ ጥበቃ እሠራ ነበር። ወላጅ የሚከፍልለት የክፍል ጓደኛዬ እነዚያን ሰዓታት በላይብረሪ ያሳልፋል፣ ውጤቱም ለማስተርስ ይከፍትለታል። ፒካዶኑም እንዲሁ ነው። ከሠራዊት ስንወጣ ሁላችንም ፒካዶን አለን፤ አንዱ ለቤት መነሻ ያስቀምጠዋል፣ አንዱ ለትምህርት ይጨርሰዋል።

ንግድ መክፈት ለምትፈልጉ ደግሞ በመንግሥት ዋስትና የሚሰጥ የአነስተኛ ንግድ ብድር አለ። ስሙ ያሳስታል። መንግሥት ዋስ የሚሆነው ለባንኩ ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም። ንግዱ ቢወድቅ ዕዳው የእናንተው ነው፣ ባንኩም ከእናንተ ማስያዣ ይጠይቃል። በእኛ ባህል «ዋስ ሁነኝ» ያለን ዘመድ እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ፣ ከአንድ ምግብ ቤት መውደቅ ጋር ሦስት ቤተሰብ አብሮ ሲወድቅ አይቻለሁ። ማዖፍ በተባሉት የንግድ ማዕከላት ከመፈረም በፊት አማካሪ ማግኘት ይቻላል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ ማንኛውም «ለማኅበረሰቡ» የሚል ብድር ወይም እርዳታ ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ ገንዘብ የት እንድሄድ ይፈቅድልኛል፣ የትስ እንዳልሄድ ያደርገኛል? ካልተሳካ ማን ይከፍላል? ሲያልቅ በእጄ ምን ይቀራል፣ ለልጄስ ምን ይተላለፋል? እቅድ አውጪዎችም እነዚህኑ ሊጠየቁ ይገባል። ዛሬ በእስራኤል ከ160 ሺህ በላይ ነን፤ ከእኛ ብዙዎቹ እዚሁ የተወለድን ነን። የሚቀጥለው እቅድ የወር ክፍያን ከማቃለል ይልቅ መነሻው ላይ፣ ያ 25 ከመቶ ላይ ቢያግዝ፣ የት እንደምንገዛም ለእኛ ቢተው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ማንም አባት የአባቴን ጥያቄ አይጠይቅም።

እህቴና ባሏ በመጨረሻ ከሚሠሩበት ከተማ ወጣ ብሎ አነስ ያለ ቤት አገኙ። መነሻውን ከየት ከየት እንዳሰባሰቡት እነሱ ያውቃሉ፤ የእናቴ እቁብ እዚያ ውስጥ አለበት። ከመፈረማቸው በፊት በነበረው ዓርብ አባቴ «ውሉን አምጪና አንብቢልኝ» አላት። አንድ በአንድ አነበበችለት፣ በዕብራይስጥ ከዚያ በአማርኛ። ሃጽማዳ የሚለው ጋ ሲደርሱ አስቆማት።

«ይኼ ነገር ምንድን ነው? ያኔም ነበረ» አላት።

«አባዬ፣ የዕቃ ዋጋ ሲወጣ ዕዳውም አብሮ ይወጣል ማለት ነው።»

አባቴ ሰማያዊውን ክላሰር ጠጋ አደረገና «ታዲያ እሱን ቀንሺው» አላት። እህቴ ሰኞ ባንክ ሄዳ ያንን ክፍል ቀነሰችው።